የላይኛው የቀኝ ጥግ

ከመስታወት ነጋዴው ስመለስ የሥራ ጠረጴዛችን ባዶ ነበር። ጠዋት ትቻቸው የወጣሁት አሥራ ሁለት ፍሬሞች የሉም። ፊታቸው ወደ ታች ተደፍቶ፣ ጀርባቸው ላይ ገና ወረቀት ሳይለጠፍ ነበር የተውኳቸው። አሁን የቀረው የእንጨት ብናኝ፣ ክዳኑ ያልተገጠመ የኮላ ጣሳና ባሌ ነው። ባሌ ሽርጡን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ፍሬሞቹስ?» አልኩት፣ የያዝኩትን መስታወት እንኳ ሳላስቀምጥ።

«የአዳራሹ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ከነገ ወደ ዛሬ ዞሯል። አሥር ሰዓት ላይ ነው አሉ።»

«ጀርባቸው ላይ ወረቀት አልተለጠፈም እኮ።»

«እኔ ለጠፍኩት። ምነው፣ ኮላ መቀባት ላንቺ ብቻ የተሰጠ ፀጋ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ። «ደግሞ ሁሉንም አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቅንቄያቸዋለሁ። አንዷም ትንፍሽ አላለችም።»

መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ወደ በሩ ሄድኩ። ተመለስኩ። የኮላውን ጣሳ ከደንኩ፣ መልሼ ከፈትኩት፣ ለምን እንደከፈትኩት ጠፋኝና እንደገና ከደንኩት። መቀመጥ የማልችል ሴት መሆኔን ባሌ ስለሚያውቅ ምንም አልጠረጠረም። ከተጋባን ጀምሮ ምግብ እንኳ ቆሜ ነው የምበላው ይለኛል፤ ሐሰት ነው፣ አንዳንዴ እቀመጣለሁ።

ሰው ሥዕል ሲያይ ፊቱን ነው የሚያየው። የእኛ ኑሮ ግን ከጀርባው ነው። መስታወቱ፣ ሥዕሉና የጀርባው ካርቶን ተደራርበው ፍሬሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ እንዳይወጡ የሚይዟቸው ትንንሽ ስስ ብረቶች አሉ። ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። እኛ ቤት ምላስ እንላቸዋለን። ግማሽ ጎናቸው የፍሬሙ እንጨት ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ካርቶኑ ላይ ተኝቶ ይጫነዋል። እንደ ስቴፕለር በሚጨበጥ መምቻ ነው የሚተከሉት። የሚጨብጠው እጅ የጸና ከሆነ ምላሷ ልክ ትገባለች። እጁ ከደከመ ጫፏ ብቻ እንጨቱን ትነክስና ትቀራለች። ይቺኛዋ በመጀመሪያው ቀን ቢነቀንቋትም ድምፅ አታሰማም። ሥዕሉ ተሰቅሎ፣ በር በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ግድግዳው ትንሽ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ነው ቀስ እያለች የምትወልቀው። ከሁሉም የባሰው እጁ አቅጣጫ ሲስት ነው፤ ምላሷ ካርቶኑ ላይ መተኛቷን ትታ ከሥሩ ትገባና ሥዕሉን ትወጋለች።

ባሌን ደንበኞቹ ሁሉ ጋሽ ሚሊ ይሉታል። ሌላው ፍሬም ሠሪ «ይሄን ታህል» ብሎ በእጁ ሲያሳይ እሱ ሚሊሜትሩን ካልነገሩት አይሰማም። በዚያ ላይ የራሱ ሕግ አለው፤ ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አንዴ ከደፋው አያዞረውም። ሲዞር ብናኝ ይነሳና መስታወቱ ሥር ይገባል ባይ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ባለበት ይቀመጣል፣ የሚዞረው የእሱ እጅ ነው። ከታች በግራ ይጀምርና ዙሪያውን እየመታ ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲሠራ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም፤ እኔንም ያስተማረኝ በዚሁ መንገድ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ እያለ ቡሩሹ ከእጁ ወደቀ፤ ቀኝ እጁ ታጥፎ ቀረ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው፣ ግን ቀላሉ ዓይነት ነው አሉን። እግሩንም አፉንም ማረለት። እጁን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሱ ለይታ ኮሪደር ላይ ያለችኝን ነገር ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፤ «እትዬ፣ እጁ የሚድነው ከሠራበት ነው። የሚሠራበት ደግሞ ይድናል ብሎ ካመነ ነው። ተስፋ የቆረጠ ቀን እኔም እርስዎም ምንም አናደርግለትም።»

ቤት ከገባ በኋላ እጁን ረሳው። ማንኪያ በግራው፣ በር በግራው። ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት፤ ስቆልፍለት ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ የማውቀው ሰውዬ እንዲያ ጣራ ሲያይ ማየት አንጀቴን በላኝ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አኩርፌ አንድ ትንሽ ፍሬም እንዲመታ አደረግኩት። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ ሊተኛ ሄደ።

እኔ ወረቀት ልለጥፍበት ስጠጋ የላይኛው የቀኝ ጥግ ላይ ያሉት ምላሶች እንደነገሩ ተነክሰው ቀርተዋል። እዚያ ጥግ ለመድረስ እጁን ዘርግቶ አንጓውን ወደ ውጭ ማጠፍ ነበረበት፤ ያ የታመመ አንጓ ደግሞ እዚያ ላይ እምቢ ብሏል። ብዙም አላሰብኩበትም። በፒንሳ ነቀልኳቸው፣ ከጎናቸው አዲስ መታሁ፣ ወረቀቱን ለጠፍኩበት። የልጅ ካልሲ ወርዶ ሲያዩ ሳብ እንደማድረግ ነው የቆጠርኩት። በነጋታው ጠዋት ፍሬሙን አነሳ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀ፣ አዳመጠ።

«ዝም አለች» አለኝ። «እጄ እየተሻለው ነው መሰለኝ። አይደል?»

«እየተሻለው ነው» አልኩት።

የዚያን ቀን ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። አንዱን ቁልፍ ያለ ቦታው አስገብቶት ነበር፤ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ የታወቀ ሆነ። እሱ ከምሳ በኋላ ሊያርፍ ይሄዳል፣ እኔ ጥጉን ነቅዬ እተክላለሁ፣ ወረቀት እለጥፋለሁ። ጠዋት እሱ ነቅንቆ ያዳምጣል፣ «እየተሻለው ነው አይደል?» ይለኛል፣ እኔም «እየተሻለው ነው» እላለሁ። ይህን ማታለል ነው የምትለኝ ሴት ካለች ባሏ ጣራ ጣራውን ሲያይ ሸሚዙን ቆልፋለት ትምጣና ታውራኝ። የምታውቀው ልጃችን ብቻ ናት። እሷም አትደግፈኝም።

እና አሁን አሥራ ሁለቱም ፍሬሞች ሄደዋል። ጥጋቸውን ሳልነካው፣ ወረቀት ተለጥፎባቸው፣ ሰው በሚሰበሰብበት ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ። አንዱ ሥዕል ተንሸራቶ ቢታይ፣ አንዱ መስታወት ሰው ፊት ቢወልቅ፣ ሌላ ዳኛ አያስፈልግም። እጁን ያን ዕለት ይቀብረዋል።

«መነጽሬን መስታወት ነጋዴው ጋ ረስቼዋለሁ» አልኩት።

«ጭንቅላትሽ ላይ ነው።»

«ሌላኛውን።»

«ሌላ መነጽር አለሽ?»

ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ ከተሩን፣ የፕላስተሩን ጥቅልና አንድ እፍኝ ምላስ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። «ልብስህን ቀይርና ተከተለኝ፤ እዚያው አዳራሹ እንገናኝ» አልኩት። «ስሜን ጠርተው ሊያመሰግኑኝ ነው አሉ» አለ ከኋላዬ። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ድሮ ያፍር ነበር። አሁን አላፈረም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረግኩ ወረድኩ።

ታክሲው ሦስተኛው መብራት ጋ ሲደርስ ቆመና ቀረ። ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አሸዋ ይገለብጣል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዘርግቶ ግማሹን እኔ ላይ ጥሎታል። አንገቴን አስግጌ መንገዱን ሳይ ጋዜጣውን ስጨማድድበት ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አባዬ ደወለልኝ» አለች። «ያለ እናትሽ ጨረስኩት ብሎ ደስ ብሎት ሊሞት ነው። የት ነሽ?»

«ታክሲ ውስጥ።»

«ልትነካኪው ነው አይደል?»

«ካልነካካሁት ሰው ፊት ይወልቃል።»

«እማዬ፣ አንድ ቀን ንገሪው በቃ። እሱ ሕፃን አይደለም።»

«አንቺ ቤት ነው ሸሚዙን የሚቆልፈው?» አልኳትና ዘጋሁባት። ስዘጋባት ወዲያው ቆጨኝ። ግን መልሼ ለመደወል ጊዜ አልነበረኝም፤ ሾፌሩን አስቁም ሳልለው፣ ለነገሩ ቆሟል፣ ወርጄ በእግሬ ተያያዝኩት። በእግረኛ መንገዱ ላይ ሰው እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። የዓለም ሕዝብ በሙሉ ያን ቀን የሚቸኩልበት ጉዳይ አልነበረውም። ቦርሳዬ ውስጥ ፒንሳውና ካቻቢቴው እየተጋጩ ሲንቀጫቀጩ አንዲት ልጅ አዝላ የምትሄድ ሴት ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

አዳራሹ ነጭ ግድግዳ ያለው ሰፊ ክፍል ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን መሰላል ላይ ወጥቶ የጣራውን መብራቶች ወደየሥዕሎቹ ያዞራል። ኃላፊዋ፣ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ወንበር ትደረድራለች። አሥራ ሁለቱም ተሰቅለዋል። ሁሉም ወረቀት ላይ የተሠሩ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ናቸው፤ ባዶ ክፍሎች፣ ያልተነጠፈ አልጋ፣ በር ላይ የተሰቀለ ካፖርት። ፊት ለፊት ሲያዩዋቸው ምንም እንከን የለባቸውም። የባሌ ማዕዘኖች እንደሁልጊዜው የት እንደተገናኙ አይታወቁም።

«እትዬ፣ ችግር አለ?» አለች ኃላፊዋ።

«የመጨረሻ ፍተሻ ነው። ከተሰቀለ በኋላ ሁልጊዜ እናየዋለን።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

«እንግዶች ከመግባታቸው በፊት ይጨርሱልኝ እንጂ እሺ።»

የመጀመሪያውን አወረድኩ። አንድ ወንበር ላይ ሻርፔን አነጠፍኩና ደፋሁት። ሁሉንም ጎን መፈተሽ አላስፈለገኝም፤ የሚስተው የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። የላይኛው የቀኝ ጥግ ላይ ወረቀቱን በከተሩ ጣት በሚያስገባ ልክ ቀደድኩና ገለጥኩት። እንደፈራሁት ነው፤ ሁለት ምላሶች በጫፋቸው ብቻ ተንጠልጥለዋል። በፒንሳ ነቀልኩ፣ ሌላ በካቻቢቴው ጀርባ ገፍቼ አስገባሁ፣ ቅዳጁን በፕላስተር ዘጋሁ፣ ግድግዳው ሥር ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጌ አስደገፍኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

«እናቴ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከመሰላሉ ላይ፣ «ሥዕሉ እኮ በዚያኛው በኩል ነው ያለው።»

«አንተ መብራትህን አብራ።»

«አብርቻለሁ፤ እርስዎ ነዎት እየደፉ የሚያጨልሙብኝ።»

ሦስተኛውን ገለጥኩና ፒንሳውን አስገባሁ። ምላሷን ያዝኩ፣ ሳብኩ። አልመጣችም። እንደገና ሳብኩ። የፒንሳው አፍ አዳልጦ ጣቴን መታኝ። መነጽሬን ከጭንቅላቴ አውርጄ አየሁ። ምላሷ ልክ ገብታለች። ከጎኗ ያለችውም እንደዚያው፣ ከእሷም ቀጥላ ያለችው። በአውራ ጣቴ ተጫንኳቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። አራተኛውን አወረድኩ፣ እሱም ደህና ነው። አምስተኛው ደህና ነው። ስድስተኛው ላይ አንዷ ምላስ ከካርቶኑ ሥር ሾልካ ገብታ ሥዕሉ ዳር ያለውን ነጭ ወረቀት ወግታዋለች፤ ቀለሙ ጋ ለመድረስ የቀራት የፀጉር ያህል ነው። እሷን ላብ እያጠመቀኝ አወጣኋት። ሰባተኛውና ስምንተኛው ግን እኔ ራሴ ብመታቸው ከዚያ አይሻሉም።

ቆምኩ። ፒንሳውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እጁ ድኗል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ከግማሽ በላይ ድኗል። በመጀመሪያው ወር አንዲት ደህና ምላስ አልነበረችም።

ያን ሳስብ ደስታው ገና ደረቴ ሳይደርስ ሌላ ነገር ተከተለው። ከመቼ ጀምሮ ነው የዳነው? ባለፈው ሳምንት ስነቅል ፈትሼ ነበር? በፊተኛውስ? እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ ሞክሬ ነው የነቀልኩት፣ ወይስ ገና ወረቀቱን ሳነሳ እጄ ወደዚያ ጥግ ሄዶ እየነቀለ ነበር? አንዳንዴ ምላሷ አልነቀል ብላ እንደታገለችኝ ትዝ አለኝ። እንጨቱ ጠንካራ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ባሌ በስንት ላብ ያስገባውን ስንቱን ደህና ሥራ ነቅዬ እንደጣልኩ አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ሆነ። የቀሩትን ቶሎ አይቼ፣ ሁሉንም ሰቅዬ፣ ነገ ጠዋት «እየተሻለው ነው» ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ እለዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ሳልፈትሽ አልነቅልም። ቀስ በቀስ እተወዋለሁ፤ እሱም ምንም ሳያውቅ እጁ የራሱ ይሆናል። ልቤ እየዘለለ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን ፈተሽኩ። ከእነሱ አንዱን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።

የመጨረሻውን ደፍቼ ከተሩን ጥጉ ላይ ሳሳርፍ «እኔ ደግሞ መነጽርሽን ፍለጋ መስታወት ነጋዴው ጋ የሄድሽ መስሎኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና አልኩ። ሚሊ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጥቁር ሱፉን ለብሷል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ አንዱም ቁልፍ ቦታውን አልሳተም። እኔን አላየኝም፤ የሚያየው ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ፍሬሞች ነው። ጀርባቸው ሁሉ ወደሱ ነው። አሥራ አንዱም አንድ አንድ ቁራጭ ፕላስተር አላቸው፣ አሥራ አንዱም እዚያው ጥግ ላይ።

ጠጋ አለ። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን አየ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«ሌላ ቦታ አልቀደድሽም» አለ።

«ጊዜ ስላልነበረኝ ነው።»

«ጊዜ የሌለው ሰው ከየትም ይጀምራል። አንቺ ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ነው የከፈትሽው። እዚያ ጥግ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

 ሌላ ጊዜ ሳላስብ እንኳ የሚሆን ነገር ከአፌ ይወጣልኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድ ተራ ውሸት አጣሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«አንተ፣ እስቲ ቁጭ በል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምልሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አልኩት።

አልጮኸም። ቢጮህ እኔም እጮህ ነበር፣ ተጯጩኸን ቤታችን እንገባ ነበር። ቀኝ እጁን አነሳና መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን አየው፤ የሰው ዕቃ በስህተት ይዞ እንደመጣ ሰው ነው ያየው። «እኔ እኮ በየጠዋቱ ሳዳምጥ» አለና ተወው። ኤሌክትሪሺያኑ መሰላሉን አጥፎ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ።

«ስማኝ» አልኩት፣ ክንዱን ይዤ። «ያ ድሮ ነው። ዛሬ ግን ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አልነካኋቸውም። ከፈትኳቸው፣ አየኋቸው፣ መልሼ ዘጋኋቸው። አንተ የመታሃቸው ናቸው። ልነቅላቸው ብዬ አቃተኝ። ሚሊ፣ እጅህ እየተሻለው ነው።»

«ጠዋትም ይህንኑ ነው ያልሽኝ» አለ። «በዚሁ ድምፅ።»

«የአሁኑ እውነት ነው። ና፣ ራስህ ዳሰው። ይሄን ልግለጥልህ፣ እየው።» ሦስተኛውን አንስቼ ፕላስተሩን ላጥኩ፣ ጥጉን ገልጬ ወደሱ ያዝኩለት። ዘንበል ብሎ አየ። ምላሶቹ ተደርድረው ይታያሉ።

«አንቺን ምላስ መምታት ያስተማረሽ ማነው?» አለኝ።

«አንተ።»

«እንግዲያው ያንቺ ይሁን የኔ በምን እለየዋለሁ?»

ይህን ጊዜ ኃላፊዋ ጨዋ ሳቋን ይዛ መጣች። እንግዶቹ መግባት ጀምረዋል፣ ሥዕሎቹ አልተሰቀሉም፣ እሷ ግን ደግ ልጅ ናትና አልተቆጣችም። ሁለት ሰዎች ጠራችና ፈጥነው ሰቀሏቸው። እኔ የመጨረሻውን ሳልፈትሽ ሰጠኋቸው። ወረቀቶቹ፣ ፕላስተሮቹ፣ ጥጎቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩና ክፍሉ እንደገና ባዶ አልጋና የተሰቀለ ካፖርት ብቻ ሆነ።

ወንበሮቹ ሞሉ። ሚሊ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላ የሚታየኝ የጭንቅላቱ ሽበትና ትከሻው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ኃላፊዋ ስለ ሥዕሎቹ ትንሽ ተናገረች፣ ከዚያ «እነዚህን ያማሩ ፍሬሞች የሠሩልንን፣ ከሕመማቸው ተነሥተው ወደ ሙያቸው የተመለሱትን ጋሽ ሚሊን እናመስግን» አለች። ሰው አጨበጨበ። ባሌ ተነሣ።

«አመሰግናለሁ» አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ግን ሥራው የኔ አይደለም። የባለቤቴ ነው። እዚያ ከኋላ የቆመችው እሷ ናት።»

አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጭብጨባው ከቅድሙ ይልቅ በረታ፤ አንዳንዱ ቆሞ ነው የሚያጨበጭበው። «አይደለም» አልኩ፣ ግን ማንም አልሰማኝም። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጎኗ ወዳለችው ጓደኛዋ ዘንበል ብላ «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል» ስትላት ሰማሁ።